ራስበሪ ፓይ ሰርቨር ላይ የፕሮሰሰር አጠቃቀም ቁጥሮች እርስ በርስ አይስማሙም፤ የቱን ልመን?

የቀሃዋ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ማውጫ የሚያስተናግድ ራስበሪ ፓይ 4 (ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር) ነው ጉዳዩ። ራሙ 2 ጊጋ፣ ስርዓተ ክወናው 64 ቢት ራስበሪ ፓይ ኦኤስ ቡክዎርም ያለ ዴስክቶፕ፣ ላዩ ላይ ኤንጂንኤክስ (ድር ሰርቨር)፣ ፒኤችፒ ኤፍፒኤም (የፒኤችፒ ገጾችን የሚያስኬድ) እና ማሪያዲቢ (ዳታቤዝ)፤ ሁሉም አንድ 32 ጊጋ ኤስዲ ካርድ ላይ ተቀምጠዋል። ኃይል የሚያገኘው ከስልክ ቻርጀር ነው።

የፕሮሰሰሩን አጠቃቀም የምታሳይ ትንሽ የፒኤችፒ ገጽ አለች። ፕሮክ ሥር ያለውን የስታት ፋይል (ሊኑክስ የፕሮሰሰሩን ጊዜ የሚቆጥርበት) በባሽ ስክሪፕት እያነበበች በየ2 ሰከንዱ ራሷን ታድሳለች፤ 6 ኮምፒውተሮች ላይ ተከፍታ ነው የምትውለው። ከእሷ ሌላ በየ5 ደቂቃው ወደ አርአርዲቱል (ቁጥሮችን በጊዜ ቅደም ተከተል አስቀምጦ ግራፍ የሚስል) የሚመዘግብ ስክሪፕት አለ።

ገጿ ሁልጊዜ 13 በመቶ ትላለች። ተማሪ ሲሞላም 13፣ ማንም ሳይኖርም 13። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ትወዛወዝና መልሳ ትረጋለች። አልፎ አልፎ ደግሞ ባዶ ትሆናለች ወይም 0 ትላለች። በዚያው ሰዓት ቶፕ (የእያንዳንዱን ፕሮሰስ አጠቃቀም የሚያሳየው ትዕዛዝ) ሲከፈት ማሪያዲቢ ብቻውን 140 በመቶ ይላል፤ ከ100 በላይ እንዴት ይኬዳል? ሎድ አቬሬጁ (በሥራ ወይም በጥበቃ ላይ ያሉ ሥራዎች አማካይ ብዛት) 5 እና 6 ውስጥ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ግን ግማሽ ያህል ሥራ ፈት ነው ይላል።

የአርአርዲው ግራፍ ደግሞ የባሰ ነው። መብራት ለ3 ወይም ለ4 ደቂቃ ሄዶ ሲመጣ 14 ሚሊዮን ገደማ የሚደርስ መስመር ቀጥ ብሎ ይወጣና የቀረው ሁሉ ወለል ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ለ2 ሰዓት ሲሄድ ግን እንዲህ አይሆንም፣ ክፍተት ብቻ ነው የሚተወው። በተጨማሪ በየቀኑ ጠዋት 3፡25 ላይ 25 በመቶ ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ጉብታ ይታያል፤ በዚያ ሰዓት የተለየ ተጠቃሚ የለም። የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ ላይ ነው።

ከየት ልጀምር?

ፋኖስ_ዋይፋይ

ስታት ፋይሉን ተይው። ፒኤችፒ ራሱ ሎድ አቬሬጅ የሚያነብ ፈንክሽን አለው። የ1 ደቂቃውን ቁጥር ለ4 ኮር አካፍለሽ በ100 አባዢው፤ በመቶኛው ይኸው ነው።

ማራኪ64

ፋኖስ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ግን ስህተት ነው። ሊኑክስ ሎድ ሲቆጥር ፕሮሰሰር ላይ ያለውንና ተራ የሚጠብቀውን ብቻ አይደለም፤ ዲስክ እስኪመልስለት ድረስ በማይቋረጥ እንቅልፍ ላይ የተኛውንም ይጨምራል። ካርዱ ሲንቀራፈፍ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ሳለ በአንተ ስሌት 150 በመቶ ይወጣል። የእህታችን 5 እና 6 ምናልባት ይኸው ነው። ሎድ ይመዝገብ፣ ግን በሎድነቱ፤ የበመቶ ምልክት አይለጠፍበት።

የቀሃዋ፣ የ13ቱ ምሥጢር ቀላል ነው። የስታት ፋይል ቁጥሮች የአሁን ሁኔታ ሳይሆኑ ሰርቨሩ ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ የተጠራቀሙ ድምሮች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ኮር በሰከንድ 100 ምት ይቆጠራል። አንድ ጊዜ አንብበሽ ካካፈልሽ የምታገኚው ከተነሳ ጀምሮ ያለውን አማካይ ነው። 20 ቀን የቆየ ሰርቨር አንድ ሰዓት ሙሉ 100 በመቶ ቢሠራ እንኳ ያ አማካይ የሚነቃነቀው 0.2 በማይሞላ ነው። ለዚህ ነው እንደ ድንጋይ የተቀመጠው፤ ሲነሳ የሚወዛወዘውም ድምሩ ገና ትንሽ ስለሆነ ነው። ቪኤምስታት የሚባለው የፕሮሰሰርና የራም ሁኔታ የሚዘረዝር ትዕዛዝም የመጀመሪያ መስመሩ እንደዚሁ ከተነሳ ጀምሮ ያለ አማካይ ስለሆነ ሁልጊዜ ጣይው፤ ከ2ኛው መስመር ጀምሮ ነው የሚነበበው።

ሁለት ጊዜ አንብቢ፣ በመሃሉ 5 ሰከንድ ጠብቂ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሺ። ዓምዶቹ በቅደም ተከተል ዩዘር፣ ናይስ፣ ሲስተም፣ አይድል፣ አይኦዌይት፣ አይአርኪው፣ ሶፍትአይአርኪው እና ስቲል ናቸው። ከእነሱ በኋላ የሚመጡት ሁለቱ የእንግዳ ዓምዶች ቀድሞውኑ ዩዘርና ናይስ ውስጥ ስለተቆጠሩ ድጋሚ አይደመሩም። ለምሳሌ የልዩነቱ አይድል 980፣ አይኦዌይት 400፣ የቀሩት ሁሉ ተደምረው 620 ቢሆኑ ጠቅላላው 2000 ነው። አጠቃቀሙ 620 ለ2000፣ ማለትም 31 በመቶ። አይኦዌይትን ከሥራ ጋር ከደመርሽው 51 ይልሻል፤ ያ ግን ፕሮሰሰሩ የሠራበት ሳይሆን ዲስክ እየጠበቀ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ለብቻው፣ በሌላ ቀለም ይውጣ። አይኦዌይት ባለ ብዙ ኮር ማሽን ላይ ያን ያህል የሚታመን ቁጥር አይደለም፤ ጥቆማ ነው እንጂ መለኪያ አትበይው።

ያ 2000 ራሱ መፈተሻ ነው። 4 ኮር በ100 ምት በ5 ሰከንድ 2000 ገደማ መስጠት አለበት። 500 ካገኘሽ ስክሪፕቱ የሚያነበው የጠቅላላውን መስመር ሳይሆን የአንዱን ኮር መስመር ነው። 4000 ገደማ ከሆነ ደግሞ የፍለጋው ቃል 5ቱንም መስመሮች ስለያዘ ጠቅላላውና ኮሮቹ አንድ ላይ ተደምረዋል።

0 የሚለው ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ባሽ የሚያካፍለው በሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ 620 ለ2000 ለእሱ 0 ነው፤ መጀመሪያ በ100 አባዢ፣ ከዚያ አካፍይ። ሁለተኛው፣ ስክሪፕቱ ውጤቱን ፋይል ላይ እየጻፈ ሳለ ገጿ ካነበበችው ባዶ ታገኛለች። ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፈሽ ሲያልቅ በኤምቪ ስሙን ቀይሪው፤ አንባቢው ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ያገኛል፣ ግማሹን አያገኝም።

140 በመቶው ስህተት አይደለም። ቶፕ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የሚሰጠው በመቶኛ ከአንድ ኮር አንጻር ነው፤ 4 ኮር ላይ ጣሪያው 400 ነው። 140 ማለት ከጠቅላላው 35። ቶፕ ውስጥ ሆነሽ ትልቁን አይ ፊደል ስትነኪ ለ4 አካፍሎ ያሳይሻል፤ 1 ቁጥርን ስትነኪ ደግሞ ኮሮቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ዋናው ሸክም እሱም ሊሆን ይችላል። 6 ኮምፒውተር በየ2 ሰከንዱ ማለት በሰከንድ 3 ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሼል ከፍቶ ካት፣ ግሬፕ እና ኦክ ካስነሳ በሰከንድ 12 ፕሮሰስ ይወለዳል፣ ይሞታል። መለኪያዋ የምትለካው ራሷን ነው። አንድ የሲስተምዲ አገልግሎት ብቻ በየ5 ሰከንዱ ለክቶ ራን ሥር ባለ ፋይል ይጻፍ፤ ያ ቦታ ራም ላይ ስለሆነ ካርዱን አይነካም። ኤንጂንኤክስ ያንን ፋይል ያለ ፒኤችፒ በቀጥታ ይስጥ። 6 ሰው ቢያየው 60 ሰው ቢያየው ልኬቱ አንድ ነው።

አዘዞ_ቴርሚናል

ማራኪ ያለው ልክ ነው። ከባሽ ወደ ፓይተን ለማምለጥ ካሰብሽ ግን ፒኤስዩቲል በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ላይ ያለች ወጥመድ አለች። የሲፒዩ ፐርሰንት ፈንክሽን ያለ ጊዜ ክፍተት ሲጠራ የሚያወዳድረው ካለፈው ጥሪ ጋር ነው፤ የመጀመሪያው ጥሪ ትርጉም የሌለው 0.0 ይመልሳል። ድረ ገጹ በብዙ ሠራተኛ ፕሮሰስ የሚሠራ ከሆነ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ «ያለፈው ጥሪ» አለው፤ አንዱ የ2 ሰከንድ፣ አንዱ የ10 ደቂቃ አማካይ እየሰጠ ገጹ ሲታደስ ቁጥሩ ይዘላል። መፍትሔው ያው ነው፣ አንድ ለኪ ብቻ ይኑር።

ወደ ሎዱ ልመለስ። ቪኤምስታት 1 10 ብለሽ አሂጂ፣ የመጀመሪያውን መስመር ጣይ፣ ከዚያ 4 ዓምድ ብቻ ተመልከቺ። አር የሚለው ለፕሮሰሰር የተሰለፈው ነው፣ ከ4 በላይ ከቆየ ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ሞልቷል። ቢ የሚለው በዲስክ ምክንያት የታሰረው ነው። ኤስአይ እና ኤስኦ ስዋፕ (ራም ሲሞላ ወደ ካርዱ የሚወጣውና የሚመለሰው) ናቸው፤ በኤስዲ ካርድ ላይ እነዚህ ሁለቱ 0 መሆን አለባቸው። አር ትንሽ ሆኖ ቢ 3 እና 4 ከሆነ ፕሮሰሰሩን መመርመር አቁሚ፣ ችግሩ ካርዱ ነው። ማን እንደታሰረ ለማወቅ ፒኤስ የፕሮሰሶቹን ሁኔታ እንዲዘረዝር አድርጊና በዲ የሚጀምሩትን ለዪ።

ሲስስታት የሚባለውን ጥቅል ከጫንሽ ደግሞ ፒድስታት በዲ አማራጭ ማን ስንት ኪሎባይት በሰከንድ እንደሚጽፍ ያሳይሻል፣ አይኦስታት በኤክስ አማራጭ ደግሞ አንድ ጽሕፈት ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚጠብቅ። ኤስዲ ካርድ የተሠራው ትልልቅ ፋይል በተከታታይ እንዲጻፍበት ነው፤ ዳታቤዝ ግን ጥቃቅን ነገር እየጻፈ በየጊዜው «ዲስኩ ላይ በእርግጥ ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ካርዱ የሚሰቃየው በዚያ ጥያቄ ነው።

የሚቀለውን መጀመሪያ አድርጊ። የኤንጂንኤክስ አክሰስ ሎግ ላይ በፈር 32 ኪሎ እና ፍላሽ 1 ደቂቃ ጨምሪ፤ በየጥያቄው መጻፉን ያቆማል። ኤፍስታብ ውስጥ ኖኤታይም (ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱ እንዳይጻፍ የሚያደርግ) መኖሩን አረጋግጪ። ማሪያዲቢ ላይ ኢኖዲቢ ፍላሽ ሎግ አት ትራንዛክሽን ኮሚት የሚባለውን ከ1 ወደ 2 ማውረድ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ ግን ዋጋ አለው፤ መብራት በድንገት ሲሄድ የመጨረሻው 1 ሰከንድ ገደማ ምዝገባ ሊጠፋ ይችላል። ለመጻሕፍት ማውጫ ይሄ ቀላል ነው። ውሰትና መመለስ የሚመዘገብበት ከሆነ እኔ በ1 ላይ እተወውና ዳታቤዙን ወደ ዩኤስቢ ኤስኤስዲ አዛውራለሁ። ፓይ 4 ላይ ከሰማያዊዎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰካ፤ ጥቁሮቹ ዩኤስቢ 2 ናቸው።

ባለ_ብየዳው

ኤስኤስዲውን ከመግዛትሽ በፊት ያን የስልክ ቻርጀር ነቅለሽ ጣይው። ፓይ 4 የሚፈልገው 5.1 ቮልት 3 አምፔር ነው። 4ቱ ዩኤስቢ ቀዳዳዎች በጋራ መስጠት የሚችሉት 1.2 አምፔር ነው፤ በደካማ ቻርጀር ላይ ኤስኤስዲ ከጫንሽበት ያለው ችግር ይብሳል እንጂ አይሻልም። ፒያሳ ከሚሸጡት ቻርጀሮች ላዩ ላይ 3 አምፔር የተጻፈበት ብዙ ነው፤ የተጻፈውን ሳይሆን የሚሰጠውን እመኚ። ቀጭንና ረጅም ገመድ ደግሞ ጥሩውንም ቻርጀር ያበላሻል፣ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይሄ ከፕሮሰሰር ልኬት ጋር ምን አገናኘው? በመቶኛው የሚለካው ጊዜን ነው፣ ጉልበትን አይደለም። ፓይ 4 ሥራ ሲፈታ 600 ሜጋኸርዝ ላይ ይወርዳል፣ ሲጨናነቅ 1500 ወይም አዳዲሶቹ ቦርዶች ላይ 1800 ይደርሳል። ቮልቱ ከ4.63 በታች ከወረደ ወይም ሙቀቱ 80 ዲግሪ ከደረሰ ፈርምዌሩ ፍጥነቱን ይይዘዋል። በ1500 ላይ 20 በመቶ የሚፈጅ ሥራ በ600 ላይ 50 በመቶ ይሆናል። ሥራው አልጨመረም፣ ማሽኑ ነው የደከመው። ስለዚህ በመቶኛውን ስትመዘግቢ ፍጥነቱንና ሙቀቱን አብረሽ ካልመዘገብሽ ግራፉ ግማሽ እውነት ነው።

ፈርምዌሩን ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት ትሮትልድ በሚለው ትዕዛዝ ጠይቂ። መልሱ ከ0ኤክስ በኋላ ያለ ቁጥር ነው። 0 ብቻ ከሆነ ሰላም ነው። 50005 ዓይነት ከሆነ እንዲህ ይነበባል፤ የቀኝ መጨረሻው አኃዝ የአሁኑ ነው፣ ከቀኝ 5ኛው ደግሞ ከተነሳ ጀምሮ የሆነው። በሁለቱም ቦታ 1 የቮልት ማነስ፣ 2 የፍጥነት ገደብ፣ 4 ፍጥነት መቀነስ፣ 8 ለስላሳው የሙቀት ገደብ ነው። 5 ማለት 1 እና 4 አብረው ናቸው። ታሪኩ ሰርቨሩ ሲነሳ ይሰረዛልና ከማጥፋትሽ በፊት አንብቢው። ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ ቪሲጄንሲኤምዲ ሜዠር ክሎክ አርም ይሻላል፤ ከርነሉ የሚያሳየው አንዳንዴ የጠየቀውን ነው እንጂ ፈርምዌሩ የሰጠውን አይደለም። ሥራ ፈቶ 600 ቢል አትደንግጪ፣ ተጨናንቆም 600 ካለ ግን ያዢው።

በመልቲሜትር ለማረጋገጥ ቀዩን ጫፍ ፒን 2 ላይ፣ ጥቁሩን ፒን 6 ላይ አድርጊና ገጹ ሲጨናነቅ ለኪ። ጫፉ ከፒን 2 ተንሸራቶ ጎኑ ያለውን ፒን 1 እንዳያገናኝ፤ እሱ 3.3 ቮልት ነው፣ 5 ቮልት ከገባበት ቦርዱ ይሞታል። እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተይው፣ የዩኤስቢ መለኪያ ግዢ።

ሙቀት ላይ ጎንደር ቀዝቃዛ ናት ብለሽ አትዘናጊ። በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ወደ አንድ አምስተኛ የሳሳ ነው፤ ያው ሂት ሲንክ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ፋን ያስፈልገዋል።

የቀሃዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተባለው ሁሉ ተለክቷል።

የ5 ሰከንዱ ልዩነት ድምር 2003፣ አጠቃቀሙ ከ22 እስከ 34 በመቶ፣ አይኦዌይት ለብቻው 38። ቪኤምስታት ላይ አር 1 ወይም 2፣ ቢ 3 እና 4፣ ኤስአይ እና ኤስኦ ወደ 0 አይወርዱም። ጌት ትሮትልድ 0ኤክስ50000። ሙቀት 64 ዲግሪ። ፒኤችፒ ኤፍፒኤም ላይ ፒኤም ማክስ ቺልድረን (በአንድ ጊዜ የሚሠሩ የፒኤችፒ ፕሮሰሶች ጣሪያ) 50 ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ 40 ሜጋ ገደማ ይይዛል።

ግራፉና የ3፡25 ጉብታው ይቀራሉ።

አዘዞ_ቴርሚናል

50 ሲባዛ 40 2000 ሜጋ ነው። 2 ጊጋ ራም ላይ ይሄ ራሙን በሙሉ ለፒኤችፒ መስጠት ነው፤ ማሪያዲቢ የት ይግባ? ከ40ው ውስጥ የተወሰነው በጋራ የሚጠቀሙት ስለሆነ ድምሩ ትንሽ ተጋንኗል፣ ቢሆንም ስዋፑ የመጣው ከዚህ ነው። ወደ 6 አውርጂው። 4 ኮር ላይ 50 ሰው በአንድ ጊዜ ቢያስተናግድ ሁሉም ይዘገያል እንጂ ማንም አይፈጥንም፤ 6 ሲሆን የቀሩት ጥቂት ሚሊሰከንድ ተሰልፈው ይገባሉ። ከቀየርሽ በኋላ ኤስአይና ኤስኦ 0 ካልሆኑ ኤስኤስዲም አያድንሽም፣ መጀመሪያ እሱን አይተሽ ወደ ካርዱ እለፊ።

ባለ_ብየዳው

50000 ማለት አሁን ደህና ነው፣ ከተነሳ ወዲህ ግን ቮልቱ ወርዶ ፍጥነቱ ተቀንሶ ያውቃል። ሙቀቱ 64 ስለሆነ ተጠያቂው ቻርጀሩ ወይም ገመዱ ነው። ገመዱን መጀመሪያ ቀይሪ፣ ርካሹ እሱ ነው።

ጉዛራ_ሎግ

ግራፉን ለእኔ ተዉልኝ።

14 ሚሊዮኑ የሚመጣው ከሂሳብ ነው። አርአርዲ ፋይሉ ሲፈጠር የመረጃ ምንጩ ዓይነት ካውንተር ተብሎ ተሰጥቶታል። ካውንተር ቁጥር ወደ ኋላ አይሄድም ብሎ ያምናል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን የስታት ፋይሉ ድምር ከ0 ይጀምራል። አርአርዲ ይህን ሲያይ «ቆጣሪው 32 ቢቱን ሞልቶ ዞሯል» ብሎ 4,294,967,296 ይጨምርበታል። ያንን ለ5 ደቂቃ፣ ማለትም ለ300 ሰከንድ ስታካፍይው 14.3 ሚሊዮን። ይኸው ያንቺ መስመር።

ለ2 ሰዓት ሲጠፋ የማይመጣው ደግሞ ኸርትቢት የሚባል ገደብ ስላለ ነው። ለ5 ደቂቃ ምዝገባ በተለምዶ 600 ሰከንድ ይደረጋል። ከዚያ በላይ መረጃ ከቆመ መሃሉን «አልታወቀም» ብሎ ይተወዋል፣ ልዩነትም አያሰላም። አጭር መቋረጥ ከረጅሙ ይልቅ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ፋይሉን አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። አርአርዲቱል ቲውን በሚለው ትዕዛዝ ዓይነቱን ከካውንተር ወደ ዲራይቭ ቀይሪ፣ ዝቅተኛውን 0፣ ከፍተኛውን 420 አድርጊ። ዲራይቭ አሉታዊ ውጤት ያወጣል፣ ዝቅተኛው 0 ስለሆነ ደግሞ ያንን ይጥለዋል። 420 ያልኩት 4 ኮር በሰከንድ ከ400 ምት በላይ መስጠት ስለማይችል ነው፤ 20ዋ ለመወዛወዝ ናት። የተበላሸውን ያለፈ መረጃ ለማጽዳት ፋይሉን በደምፕ ወደ ኤክስኤምኤል አውጪው፣ ከዚያ በሪስቶር መልሽው፤ ሪስቶር ላይ የሬንጅ ቼክ አማራጩን ጨምሪ። ከ420 በላይ ያለውን ሁሉ ወደ «አልታወቀም» ይለውጠዋል። ከመንካትሽ በፊት ኮፒ ይኑርሽ፣ መዝጋቢውን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮንም ለጊዜው ይቁም።

ያልጠየቅሽው ግን የሚገጥምሽ ሌላ ነገር አለ። ፓይ 4 ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም። ፌክ ኤችደብሊው ክሎክ የሚባለው ነገር ሰዓቱን ፋይል ላይ የሚያስቀምጠው በየሰዓቱና በወግ ሲጠፋ ነው። መብራት በድንገት ሄዶ ኢንተርኔትም አብሮ ከተቋረጠ ሰርቨሩ የሚነሳው እስከ 1 ሰዓት ያህል ወደ ኋላ በቀረ ጊዜ ነው። አርአርዲ ደግሞ ከመጨረሻው ምዝገባ የቀደመ ሰዓት ይዘሽ ከመጣሽ አይቀበልሽም፤ «ሕገወጥ ሙከራ» የሚል ስህተት ሎግ ላይ ጽፎ ዝም ይላል። ግራፉ ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ባዶ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ነው። ታይምዴትሲቲኤል ሰዓቱ ተመሳስሎ እንደሆነ ይነግርሻል።

ዲኤስ3231 የሚባለውን የሰዓት ሞጁል ግጠሚበት። ፒን 1 ላይ 3.3 ቮልት፣ ፒን 3 ላይ ኤስዲኤ፣ ፒን 5 ላይ ኤስሲኤል፣ ፒን 9 ላይ ግራውንድ። ቡክዎርም ላይ ኮንፊግ ፋይሉ ያለው ቡት ሥር በፈርምዌር ማኅደር ውስጥ ነው፤ አይቱሲን አብሪና የአይቱሲ አርቲሲን ኦቨርሌይ ከዲኤስ3231 ጋር ጨምሪ። ሲነሳ አይቱሲዲቴክት ላይ በ68 ቦታ ዩዩ ካየሽ ከርነሉ ይዞታል ማለት ነው። ከዚያ ፌክ ኤችደብሊው ክሎክን አራግፊው፣ አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ። ርካሾቹ ሞጁሎች ባትሪውን የሚሞላ ሰርኪዩት አላቸው፤ ተራውን ሲአር2032 መሙላት አደገኛ ስለሆነ በ5 ቮልት አታስሪው።

ወደ 3፡25። ሰርቨርሽ ዩቲሲ ላይ ነው። የእኛ ጠዋት 3፡25 በፈረንጅ አቆጣጠር 9፡25 ነው፣ ከዚያ 3 ሰዓት ስትቀንሺ ዩቲሲ 6፡25። ዴቢያን ላይ የክሮን ደይሊ ሥራዎች የሚነሱት ልክ በ6፡25 ነው። ሰዓቱ በየቀኑ በ3 እና በ4 ሰዓት መካከል የሚዋልል ቢሆን ኖሮ የአፕት ራስ-ሰር ማሻሻያ ነው እልሽ ነበር፤ እሱ በ6፡00 ላይ እስከ 60 ደቂቃ በዘፈቀደ ይዘገያል። ያንቺ ግን አይዋልልም። 25 በመቶ ላይ ጠፍጣፋ መሆኑም ይናገራል፤ ከ4 ኮር አንዱ ሙሉ ሲሠራ 25 ነው። አንድ ኮር ብቻ የሚጠቀም ረጅም ሥራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጂዚፕ ነው። ኢቲሲ ሥር ክሮን ደይሊ ማኅደር ውስጥ ተመልከቺ፣ ምናልባት የዳታቤዝ መጠባበቂያ ቅጂ ሠርቶ የሚጨምቅ ስክሪፕት ታገኚያለሽ።

የሰዓት ክልሉን በታይምዴትሲቲኤል ወደ አፍሪካ፣ አዲስ አበባ ቀይሪና ክሮንን አስነሺው። 6፡25 ያኔ ንጋት 12፡25 ይሆናል፤ ተማሪ ሳይገባ ያልቃል። ለሌላው ሥራ ቅድሚያ እንዲለቅ ናይስ 19 ብትጨምሪበትም አይከፋም። የሰዓት ክልሉን ያልነካው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ለንደንን ነው፤ እዚያ ሰዓት ስለሚቀያየር ጉብታው ከመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ወደ 2፡25 ይሸሻል፣ ሰውም ቫይረስ ነው ይላል።

ፋኖስ_ዋይፋይ

የሎዱን ነገር ተቀብያለሁ። የሰዓት ክልሉ ሲቀየር ግን አርአርዲው ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ ብሎ አይጣላም?

ጉዛራ_ሎግ

አይጣላም። አርአርዲ የሚይዘው ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፣ የሰዓት ክልል አያውቅም። ግራፉ ሲሳል ብቻ ነው ጽሑፉ የሚቀየረው።

የቀሃዋ

ክሮን ደይሊ ውስጥ ማይኤስኪውኤል ደምፕ ከጂዚፕ ጋር ተገኝቷል። ማክስ ቺልድረን 6 ሆኗል፤ ኤስአይና ኤስኦ 0 ናቸው፣ ቢ ወደ 1 ወርዷል፣ ሎዱ 1.4። ገመዱ ተቀይሮ ጌት ትሮትልድ ከትናንት ጀምሮ 0ኤክስ0 ነው። ሞጁሉ እስኪመጣ ለመብራቱ ፓወር ባንክ መሃል ላይ ማስገባት ይቻላል?

ባለ_ብየዳው

እየሞላ የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ ብቻ። አብዛኛው ፓወር ባንክ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለቅጽበት ያቋርጣል፤ ያቺ ቅጽበት ፓዩን ለማስነሳት ትበቃለች፣ የምታተርፊው የለም። ሰክተሽ ቻርጀሩን ከግድግዳ 10 ጊዜ ንቀይ፣ መልሰሽ ሰኪ፤ አፕታይም ከ0 ካልጀመረና ጌት ትሮትልድ 0 ሆኖ ከቀረ ተጠቀሚበት።